የብርድ ወራት ሾርባ በሐርጌሳ
የሚኔስትሮኔ አሠራርና ምክንያቱ

ሐርጌሳ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው የቆላ ሙቀትና አቧራ ነው። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ሶማሌዎች «ጂላል» ብለው በሚጠሩት በዚህ ደረቅ ወቅት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሹራብ ይደርባል፤ ማታም ቤተሰቡ ትኩስ ነገር ይሻል። እንዲህ ባለው ጊዜ ከመረቅ የተሻለ ምግብ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጣልያኖች «ሚኔስትሮኔ» የሚሉትን የቦሎቄና የአትክልት ሾርባ በሐርጌሳ ገበያ በሚገኝ ነገር እንዴት መሥራት እንደሚቻል ማስረዳት ነው። አሠራሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ተግባር ምክንያት ጭምር አብረን እናያለን። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቦሎቄውን ሳያበስል አቅርቦ ቤተሰቡን ሊያሳምም፣ ወይም አንድ ድስት ለማብሰል የሁለት ድስት ከሰል ሊፈጅ ይችላልና።

፩. ስሙና አመጣጡ

በጣልያንኛ «ሚኔስትራ» ሾርባ ማለት ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ የተጨመረው «ኦኔ» ትልቅነትን ያመለክታል። ስለዚህ ሚኔስትሮኔ «ትልቅ ሾርባ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሾርባ አንድ የተወሰነ አሠራር የለውም። የገበሬ ቤት ምግብ በመሆኑ በየወቅቱ ከጓሮ የተገኘው ሁሉ ይገባበታል። በሰሜን ጣልያን ሩዝ፣ በሌላው አካባቢ ፓስታ ይጨመርበታል። ዛሬ ከሾርባው የማይለዩት ቲማቲምና ቦሎቄ ራሳቸው ወደ አውሮፓ የገቡት ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ከአሜሪካ አህጉር ነው።

የጣልያን ምግብ ወደ ሶማሌዎች አገር የገባው በዋናነት በደቡብ በኩል ነው። ጣልያን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ደቡቡን በቅኝ ግዛትነት ስትይዝ፣ ሐርጌሳ የምትገኝበት ሰሜኑ ክፍል ግን የእንግሊዝ ጥብቅ ግዛት ነበር። ጣልያኖች ሰሜኑን የያዙት ከነሐሴ 1940 እስከ መጋቢት 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሰሜኑና ደቡቡ በ1960 እ.ኤ.አ. ከተዋሐዱ በኋላ ሰውና ሸቀጥ በሰፊው ተቀላቀለ። ሶማሊላንድ በ1991 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ካወጀችም በኋላ ፓስታው በማዕድ ላይ ቀርቷል። ዛሬ በሐርጌሳ ምግብ ቤቶች «ባስቶ» ማለትም ፓስታ እንደ ሩዝ ሁሉ የዘወትር ምግብ ነው።

የቋንቋ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይሉ ይሆናል። እኛ «ስጎ» የምንለውን ሶማሌዎች «ሱጎ» ይሉታል፤ ሁለታችንም የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው። እኛ «መረቅ» የምንለውንም እነርሱ «ማረቅ» ይሉታል፤ ዐረብኛውም እንዲሁ «መረቅ» ነው። ስለዚህ የሐርጌሳው ሚኔስትሮኔ ባዕድ ምግብ ቢመስልም፣ ቀድሞ በቤት ውስጥ ከነበረው ማረቅ ጋር ተዛምዶ የሚኖር ነው።

፪. ለስድስት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቦሎቄ ሩብ ኪሎ፤ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፤ ካሮት 3፤ ድንች 2፤ ጥቅል ጎመን የአንዱ ሩብ፤ ዝኩኒ 1፤ የበሰለ ቲማቲም 4፤ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች፤ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፤ የተሰባበረ ፓስታ ወይም ትንንሽ መኮሮኒ 150 ግራም፤ ውኃ 10 ብርጭቆ ያህል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ እንደ አስፈላጊነቱ። የሾርባ ቅጠል ከተገኘ መልካም ነው።

አትክልቱ በሐርጌሳ ገበያ ይገኛል። ከፊሉ ከገቢሌና ከአረብሲዮ አካባቢ እርሻዎች፣ ከፊሉም በቶጎ ውጫሌ በኩል ከኢትዮጵያ ይመጣል። ነጭ ቦሎቄ ከታጣ ሶማሌዎች «ዲጊር» የሚሉት፣ «ዐምቡሎ» የተባለውን ምግብ የሚሠሩበት ትንሹ ቀይ ጥራጥሬ ቦታውን ይተካል። ውድ በሆነው የወይራ ዘይት ፈንታም በአገሩ የታወቀው የሰሊጥ ዘይት ያገለግላል። በጣልያን አንዳንድ አካባቢ የአሳማ ስብ ይጨመራል፤ በሐርጌሳ ግን ሥጋ የፈለገ ሰው የፍየል አጥንት ቀቅሎ መረቁን በውኃው ፈንታ ይጠቀማል። ያለ ሥጋ ከተሠራ ደግሞ የጾም ምግብ ይሆናል። የነቢያት ጾም በብርዱ ወራት ስለሚውል፣ በዚያ ለሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች የተመቸ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብም ሾርባ የረመዳን ማፍጠሪያ መሆኑ የታወቀ ነው።

፫. ስለ ቦሎቄው

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ ትልቁ ዓይነት፣ በጥሬው «ሌክቲን» የሚባል ጎጂ ነገር አለው። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ይህን ነገር የሚያጠፋው በደንብ መንተክተክ ነው። ሳይፈላ በለብታ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ማቆየት ግን ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

ስለዚህ ቦሎቄው ማታ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል፤ በአዲስ ውኃ ተጥዶ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኃይል ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ተቀንሶ እስኪለሰልስ ይበስላል።

እዚህ ላይ የመልክዓ ምድርና የፊዚክስ ትምህርት ይገናኛሉ። የአየር ግፊት በከፍታ ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በባሕር ዳርቻዋ በርበራ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በሐርጌሳ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢያበዙት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለሆነም በበርበራ በአንድ ሰዓት የሚበስል ቦሎቄ በሐርጌሳ ከዚያ የበለጠ፣ በአዲስ አበባም ከሐርጌሳው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። የደጋ ሰው ቦሎቄው አልበስል ሲለው «ዘሩ መጥፎ ነው» ከማለቱ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬውን ሽፋን አጥብቆ ይይዛል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ የገባበት ቦሎቄ ቢውልም አይለሰልስም። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃም እንደዚሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በጨው ላይ ነው፤ ዋናው እንቅፋት ግን ቲማቲሙ ነው።

፬. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሽንኩርቱና አንዱ ካሮት በደቃቁ ይከተፋሉ። በዘይት፣ በዝግተኛ እሳት፣ ሳይቀሉ 15 ደቂቃ ያህል ይቁላላሉ። ጣልያኖች ይህን «ሶፍሪቶ» ይሉታል፤ ለእኛ እናቶች ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ የቁሌት ወንድም ነው። ልዩነቱ በወጥ ቁሌት ሽንኩርቱ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያለ ዘይት የሚበስል መሆኑ ነው። ወጥ በቁሌቱ እንደሚታወቅ ሁሉ ይህም ሾርባ ጣዕሙን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ካረረ ይመራልና።

ሁለተኛ፣ የቀሩት ካሮቶችና ድንቹ በትንንሹ ተከትፈው ይጨመራሉ። የለሰለሰው ቦሎቄ ከነመረቁ፣ ውኃውም ተጨምሮ ለ15 ደቂቃ ይፈላል።

ሦስተኛ፣ ቦሎቄው መለስለሱ በጣት ተጫኖ ከተረጋገጠ በኋላ ቲማቲሙ ተልጦና ተከትፎ ይገባል። ጥቅል ጎመኑና ዝኩኒው ይከተላሉ። ቶሎ የሚበስል ነገር ቀድሞ ከገባ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ቆይቶ የሚበስልም ዘግይቶ ከገባ ጥሬ ይቀራል።

አራተኛ፣ ከቦሎቄው ሲሶ ያህሉ በጭልፋ ወጥቶ፣ በማንኪያ ተዳምጦ ይመለሳል። ሾርባውን ወፍራም የሚያደርገው ይህ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ገለባማ ያልሆነ ነጭ ክፍል፣ ማለትም ስታርች፣ በሙቀት ውኃ መጥጦ ያብጥና መረቁን ያያይዘዋል። ዱቄት መጨመር አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ሊቀርብ 10 ደቂቃ ሲቀረው ፓስታው ይገባል። ፓስታ በመረቅ ውስጥ ከቆየ መረቁን ሁሉ መጥጦ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይመረጣል።

የሐርጌሳ ባለሙያ ከዚህ ላይ «ሐዋሽ» የተባለውን የቅመም ድብልቅ ጥቂት ትጨምራለች፤ ሲቀርብም ሎሚ ይጨመቅበታል፣ «ባስባስ» የሚባለው የቃሪያ ማባያም አጠገቡ ይቀመጣል። በዳቦ ወይም በላሖሕ፣ ማለትም በእነርሱ እንጀራ፣ ይበላል።

፭. ስለ ከሰልና ስለ ጤና

በሐርጌሳ የብዙው ቤት ማገዶ ከሰል ነው። ከሰሉ ደግሞ «ገሎል» ከሚባለው የግራር ዓይነትና ከመሰሎቹ ዛፎች የሚከስል በመሆኑ፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር የግጦሹ አገር ይራቆታል። ስለዚህ ቦሎቄን መዘፍዘፍ፣ ድስትን መክደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ የገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ቦሎቄው ሠላሳ ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለጊዜው ማቆየትም ሙቀቱን ይዞ ማብሰሉን ያግዛል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ግን ብርዱ ሲበረታ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ከመዝጋት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ምድጃው በደጅ ወይም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ ወደ ቤት የሚገባው ሾርባው ብቻ ነው።

፮. የምግቡ ጥቅም

የደረቀ ቦሎቄ ከመቶው እጅ ከ20 በላይ ፕሮቲን ነው። በአሠራራችን ለአንድ ሰው ከቦሎቄው 9 ግራም፣ ከፓስታው 3 ግራም ያህል ፕሮቲን ይደርሰዋል። በስንዴ የሚያንሰውን ላይሲን ቦሎቄው፣ በቦሎቄ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ስንዴው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ለዘመናት ያኖረን በዚሁ ምክንያት ነው።

፯. ለክፍል ውይይት

1. ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ውኃ በስንት ዲግሪ ገደማ ይፈላል? ቦሎቄውስ ከሐርጌሳው ይልቅ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?

2. ሁለት እፍኝ ቦሎቄ ወስዳችሁ አንዱን ዘፍዝፉ፤ ሌላውን አትዘፍዝፉ። በእኩል ውኃና በእኩል እሳት ሁለቱም እስኪለሰልሱ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። ልዩነቱ የስንት ደቂቃ ከሰል ነው?

3. በቤታችሁ ከሌላ ቋንቋ የመጡ አምስት የምግብ ስሞች ጻፉ፤ በየት በኩል እንደ ገቡም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ለክፍሉ ብቻ አታስቀሩት። ለቤታችሁም ንገሩ፤ ቦሎቄ የሚዘፈዘፈው ማታ ነውና ዛሬ ያልተነገረ ለነገ አይደርስም።