ሰባራ ድልድይና «አምስተኛው ኃይል»፦ ተረቱና እውነቱ

ከሞጣ ወርዶ ወደ ጎንደር የሚያሻግረው የዓባዩ ሰባራ ድልድይ ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ፣ መንገደኛ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይሻገር የነበረው በገመድ ነው። ወገቡን ታስሮ ክፍተቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ በሁለቱም ዳር የቆሙ ጎልማሶች ገመዱን ወጥረው ይስቡታል። ዓባይ ከሥሩ ይወርዳል።

ከተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ ብርቱው ስበት ነው ለሚል ሰው ይህ ገመድ በቂ መልስ ነው። መንገደኛውን ቁልቁል የምትስበው መላዋ ምድር ናት፤ እንዳይወድቅ የያዘው ግን አንድ ገመድ። የገመዱን አተሞች እርስ በርስ ያያያዘው ኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል ነው። ፊዚክስ ከሚያውቃቸው አራት ኃይሎች (ሁለቱ በአተም ኑክሊየስ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው) እጅግ ደካማው ስበት ነው። ገናና የሚመስለው አሉታዊ ተቃራኒ ስለሌለው፣ ሳይጣፋ እየተደመረ ስለሚሄድ ብቻ ነው።

ከእነዚህ አራቱ ውጭ የሚታሰበውን «አምስተኛ ኃይል» አንዳንዱ ከመንፈስ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው መንግሥታት የሸሸጉት ምስጢር ያደርገዋል። የፊዚክስ ሰዎች «ስውር» ሲሉ ግን የደበቀው ሰው አለ ማለታቸው አይደለም። ጀስቲን ኩሪና ደቡብ አፍሪካዊቷ አማንዳ ዌልትማን በ2003 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረቡት ሐሳብ ስሙ «እስስት» ነው። እንደነሱ አባባል፣ ኃይሉ እንደ ምድር ባለ ጥቅጥቅ ስፍራ ክንዱ ያጥራል፤ ባዶ ህዋ ውስጥ ሲገባ ይረዝማል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያመልጠን ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሐሳብ ነው እንጂ ግኝት አይደለም።

«ተገኝቶ ነበር እኮ» የሚሉም አሉ። ያለ ነገር አላመጡትም። በ1986 ኤፍሬም ፊሽባክና ባልደረቦቹ የሃንጋሪያዊውን የኤትቨሽን አሮጌ ልኬት መልሰው መርምረው፣ ከልዩ ልዩ ቁስ የተሠሩ ነገሮች አወዳደቃቸው በጥቂቱ ይለያያል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ብቻ የሚዘልቅ አዲስ ኃይል ሳይኖር አይቀርም አሉ። ይህን ጊዜ ተመራማሪው ሁሉ ወደ ገደል፣ ወደ ማዕድን ጉድጓድና ወደ ረጅም ማማ ሮጠ። ፒተር ቲበርገር ኒው ጀርሲ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ የመዳብ ሉል ውሃ ውስጥ አንሳፈፈ፤ ሉሉም በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ተንቀሳቀሰ። ሌሎች ሲደግሙት ግን አልተገኘም። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ 600 ሜትር ገደማ በሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ላይ የተለካው ስበትም ከስሌቱ ጋር አልገጠመም ተባለ። ጉዱ የወጣው በኋላ ነው፤ በዙሪያው ስበት የተለካባቸው ቦታዎች ወደ ከፍታው ያደሉ ነበሩ። አዲስ ኃይል የመሰለው በቅጡ ያልተመዘገበ መልክዓ ምድር ነበር።

እኔ ዓባይን የማስታውሰው እዚህ ላይ ነው። በሸለቆው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተቦርቡሮ የሄደ አለት በቦታው ስለሌለ አይስብም። አገሩን ሜዳ አድርጎ የሚያሰላ ሰው በየጥምዝማዙ አንድ አንድ አዲስ ኃይል ያገኛል።

ስበት በከፍታ ይለወጣል መባሉማ ተረት አይደለም፤ ብቻ ልኩ ይጋነናል። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ቢወረድ፣ በስፕሪንግ ሚዛን ቢበዛ 30 ግራም ያህል ይጨምራል። በሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ መመዘኛው ብረትም በዚያው ልክ ስለሚከብድ ምንም አይታይም። ነጋዴው አይደሰት።

የመጨረሻው ተረት «አይንስታይን ተሽሯል» የሚለው ነው። የጋላክሲዎች ዳርቻ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፤ የህዋ መስፋፋትም እየተፋጠነ መሆኑ በ1998 ታውቋል። ብዙው ሰው ይህን በማይታይ ቁስና በማይታወቅ ጉልበት ያብራራል፤ ሌላው ግን የስበትን ቀመር ራሱን ያሻሽላል። በደቡብ አፍሪካው ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው አማረ አበበ ከኋለኞቹ አንዱ ነው። እሱ በሰፊው ያጠናው «ኤፍ ኦፍ አር» የተባለ የስበት ንድፈ ሐሳብ የአይንስታይንን ቀመር አይጥልም፤ በቀመሩ ውስጥ ያለውን የህዋ-ጊዜ ጥምዝነት በሰፊ ፋንክሽን ይተካል። ከዚያም ተጨማሪ ኃይል ይወለዳል፤ ሐሳቡ ከልኬት ጋር እንዳይጋጭ ይህ ኃይል እንደ እስስቱ መሸሸግ አለበት።

ፈተናው ግን እየጠበበ ነው። ኦገስት 17 ቀን 2017 ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት የመጡ የስበት ሞገድና የጋማ ጨረር በ1.7 ሴኮንድ ልዩነት ደረሱ፤ የስበት ሞገድን ከብርሃን የሚያዘገዩ ወይም የሚያስቀድሙ ብዙ ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ቀን ወደቁ። ማይክሮስኮፕ የተባለችው የፈረንሳይ ሳተላይት ታይታኒየምና ፕላቲነም እኩል እንደሚወድቁ፣ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከሚሊዮን ቢሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ሊሆን እንደሚችል በ2022 አሳየች። የተረፉት ንድፈ ሐሳቦች አሁን የሚፈተሹት በሩቅ ጋላክሲዎች ነው፤ በ2023 የመጠቀችው የዩክሊድ ቴሌስኮፕ የጋላክሲዎቹን ካርታ እየሠራች ነው።