የራዲያተር የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር፤ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ሞተሩ የሚግልበትን ደንበኛ የሚያስተናግድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴም የሕመሙን ሥር ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ሊሸጥ አይገባውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ብለው የገቡት መኪናዎች ከታሰበላቸው የበለጠ ዘመን ማገልገል ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ያረጀ ሞተርን ከግለት የሚጠብቅ ዕቃ ሁሉ ፈላጊ አያጣም። ከእነዚህም አንዱ፣ በቺንጋ በሚዞረው ቬንትሌተር ምትክ የሚገባው የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ነው። ይህ ዕቃ ታውቆ ሲሸጥ ለባለመኪናው ጥቅም፣ ለነጋዴውም መልካም ስም ያስገኛል። ሳይታወቅ ሲሸጥ ግን ሞተሩ ሳይድን ይቀርና ዕቃው ከክርክር ጋር ወደ ሱቁ ይመለሳል።

የአሠራሩ ልዩነት

የቀድሞው ቬንትሌተር ከውሃው ፓምፕ ጋር ተያይዞ በሞተሩ ኃይል፣ በቺንጋ አማካይነት ይዞራል። ፍጥነቱም የሞተሩን ፍጥነት የተከተለ ነው። ጉድለቱ ያለውም በዚሁ ላይ ነው። መኪናው በከተማ መንገድ ተሰልፎ ሲቆም፣ ወይም ጭኖ ዳገት በዝግታ ሲወጣ ነፋሱ እጅግ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ነፋሱ ያንሳል። መኪናው በሜዳ መንገድ ሲፈጥን ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ብቻውን ይበቃል፤ ቬንትሌተሩ ግን ያለ ሥራ ኃይል ይበላል። የቬንትሌተር ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚወስደው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ከፍ ማለቱ የታወቀ የመሐንዲሶች ሕግ ነው።

ፋብሪካዎቹም ይህን ጉድለት አስቀድመው ተረድተውት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የወጣው ፔጆ 404 ሙቀቱ ሲወርድ ከሥራ የሚላቀቅ ቬንትሌተር ነበረው። በ1974 የወጣው የቮልስዋገን ጎልፍ ደግሞ ሞተሩ አግድም የተቀመጠ በመሆኑ ራዲያተሩን በኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ያቀዘቅዝ ነበር። የኤሌክትሪኩ ቬንትሌተር የሞተሩን ፍጥነት አይጠብቅም። የውሃው ሙቀት ከተወሰነው ልክ ሲደርስ በሙቀት ማብሪያው ትእዛዝ ይነሣል፤ ሙቀቱ ሲወርድም ይቆማል።

ከፍታና የራዲያተር ክዳን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ በመሆንዋ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ማናቸውም ቬንትሌተር በቆላ ከሚሰጠው ያነሰ ቅዝቃዜ ይሰጣል። በደጋ የሚሸጥ ቬንትሌተር ልክ ሲመረጥ ይህ መታሰብ አለበት።

የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን አፍኖ በመያዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ግፊቱ 0.9 ባር የሆነ ደኅና ክዳን በአዲስ አበባ ንጹሑን ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑ ግፊት የሚያስወጣ ከሆነ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። ብዙዎቹ የሙቀት ማብሪያዎች ቬንትሌተሩን የሚያስነሡት ከ92 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሣ ውሃው ይፈላል፤ ባለመኪናውም አዲሱን ቬንትሌተር ይወቅሳል፤ በደሉ ግን የክዳኑ ነው። አስተዋይ ነጋዴ ውዱን ዕቃ ከማንሣቱ በፊት ርካሹን ክዳን ያስመረምራል።

ለደንበኛው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው መቼ ይግላል የሚለው ነው። ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ግሎ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚበርድ ከሆነ የጎደለው ነፋስ ነውና ቬንትሌተሩ ይረዳዋል። በሜዳ መንገድ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ የሚግል ከሆነ ግን ነፋስ አልጎደለውም። የራዲያተሩ ውስጥ በዝገት ተደፍኖ፣ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ፣ ፓምፑ ደክሞ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ደንበኛ ቬንትሌተር መሸጥ ገንዘቡን መውሰድ እንጂ መርዳት አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ዳገት በቆላ ሙቀት ይጠብቀዋል። ስሕተቱ በዚያ ሲገለጥ የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚመለከት ነው። አንድ ደኅና ቬንትሌተር 20 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሁለቱ የፊት መብራቶች 9 አምፔር ገደማ፣ የእሳት ማስነሻውና የዝናም መጥረጊያው ደግሞ ሌላ 10 አምፔር ቢወስዱ ድምሩ ወደ 40 ይደርሳል። ብዙዎቹ የቀድሞ ዲናሞዎች ከ20 እስከ 30 አምፔር ብቻ ስለሚሰጡ በክረምት ሌሊት ባትሪው ይደክማል። እንዲህ ያለው መኪና አስቀድሞ አልተርኔተር ያሻዋል።

ሦስተኛው የመኪናው ዓይነት ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ ቬንትሌተር 24 ቮልት ካለው የጭነት መኪና ላይ ቢገጠም ይቃጠላል። ከባድ ጭነት ለሚያነሣ መኪናም ከፋብሪካው የመጣለት ትልቅ ቬንትሌተር ቢቆይለት ይሻላል። በአገራችን የታወቀችው የቀድሞዋ ቮልስ ደግሞ በነፋስ ብቻ የምትበርድ በመሆንዋ ራዲያተር የላትም፤ ለእርስዋ የሚሸጥ የራዲያተር ቬንትሌተር የለም።

ዕቃው ከነጓዙ

ቬንትሌተሩ ለብቻው ተሸጦ በመብራት ማብሪያ ላይ ብቻ ቢቀጠል ማብሪያው ይቀልጣል፤ ሽቦውም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ሪሌው፣ ፊውዙ፣ የሙቀት ማብሪያውና ወፍራሙ ሽቦ አብረው በአንድ ሣጥን ሊቀርቡ ይገባል። የሙቀት ማብሪያው የሚነሣበት ዲግሪ ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቬንትሌተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ነፋሱን በራዲያተሩ ፊት ሁሉ የሚያከፋፍለው መሸፈኛም አይቅር፤ ያለ እርሱ ቬንትሌተሩ ከፊቱ ያለውን ክብ ቦታ ብቻ ያበርዳል። ቦታ ከተገኘ ከራዲያተሩ በስተኋላ ሆኖ ነፋሱን ቢስብ ይመረጣል። ሽቦዎቹ ተገላብጠው ቢቀጠሉ ግን ወደ ኋላ ስለሚዞር ከመንገዱ ነፋስ ጋር ይታገላል። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ መግጠምም ቧንቧውን ፍቆ ስለሚያፈስስ፣ በብረት ማቆሚያ ማሠር ይበልጣል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቬንትሌተሩ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ መካኒኩ እጁን ከማስገባቱ በፊት የባትሪውን ሽቦ እንዲያላቅቅ ሊነገረው ይገባል።

ለአስመጪዎች

በካታሎግ ላይ የሚጻፈው የነፋስ መጠን ብዙ ጊዜ ቬንትሌተሩ ያለ ራዲያተር በባዶ ሲዞር የተለካ ነው። ስለዚህ አስመጪው የክቡን ስፋትና ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ ከማዘዝ ይልቅ፣ ሞተሩ የሚወስደውን አምፔርና ከራዲያተር ጋር ሲሠራ የሚሰጠውን ነፋስ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቀማል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ራዲያተርና ክፍሎቹ በቁጥር 8708.91 ሲመደቡ፣ ቬንትሌተሩ ግን በ8414.59፣ ከ60 ቮልት የማያልፈው ሪሌ ደግሞ በ8536.41 ይመደባል። ሦስቱን በአንድ ስም ጽፎ ማቅረብ በጉምሩክ መዘግየትን ያመጣል።

እንግዲህ ይህ ንግድ የሚያተርፈው ዕቃውን በብዛት በማስገባት ብቻ አይደለም። ባለሱቁ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ አንዱን ደንበኛ በቬንትሌተር፣ ሌላውን በክዳን ብቻ ቢያሰናብት፣ የዛሬው ሽያጭ ቢያንስም ደንበኛው ግን ነገ ይመለሳል።