ጨጓራ ቢጠብም ምላስ አይረሳም

የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሰባትና ስምንት ወር ያለፈው፥ ሰውነቱ ቀልሎ ልብሱ የሰፋበት፥ ወዳጅ ዘመዱም ባየው ቍጥር «እንዴት አምሮብሃል» የሚለው ሰው፥ አንድ ሌሊት ቤተ ሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ይገባና የስኳሩን ዕቃ ይከፍታል። ረኃብ አልያዘውም፤ እህልም አላማረውም፤ ነገር ግን ጣፋጭ የመቅመስ ናፍቆት እንቅልፍ ነሥቶታል። አንድ ማንኪያ ይቀምሳል፥ ሁለተኛውን ያስከትላል፥ ከዚያም ዕቃውን ከድኖ፥ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትና ያን ያህል ሕመም የታገሠበት ፈውስ በገዛ እጁ የፈረሰ መስሎት፥ ራሱን ሆዳም እያለ እየረገመ ወደ መኝታው ይመለሳል። ይህ የሚደርስበት ሰው ብዙ ነው፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን የምጽፈው፥ ከዚህ ሕክምና በኋላ ጣፋጭን መናፈቅ ከሥጋ ጠባይ የሚመጣ እንጂ የነውር ምልክት እንዳልሆነ፥ የሚገታውም በሥርዓት እንጂ በዘለፋ እንዳልሆነ ለሕሙማኑና ለቤተ ሰባቸው ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፥ ሐኪሞች በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩትን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፥ በቍስል ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቈረጠላቸው ሰዎች ከስተው እንደሚቀሩ አስተውሎ ስለ ነበረ፥ ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆኖ ዛሬ «ባይፓስ» የሚባለውን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1966 ጀመረ። በባይፓስ የጨጓራው ላይኛ ጫፍ ይለይና ወደ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ፥ ማለት የቡና ሲኒ እኩሌታ የሚያህል ከረጢት ሆኖ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ይገጠማል። «ስሊቭ» የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቈርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ እጅጌ ቀጭን አድርጎ ይተወዋል፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ይኸው እጅጌ ማለት ነው።

የሕክምናው ኀይል በመጥበቡ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊን የተሰኘውን፥ ለአንጎል ረኃብን የሚያስታውቀውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው ላይኛ ክፍል ስለ ሆነ፥ ስሊቭ ያን ክፍል ሲያስወግደው የረኃብ ዐዋጅ ነጋሪው ድምፁ ይዳከማል። በባይፓስም ምግቡ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ስለሚወርድ፥ ጥጋብን የሚያሳውቀው ጂ.ኤል.ፒ. አንድ የተባለው ሆርሞን ከማዕድ በኋላ ከቀድሞው ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሕሙማን ረኃብ ምን እንደ ሆነ እስኪረሱ ድረስ ይቀልላቸዋል፤ ቀድሞ የሚወዱትም ኬክ ከመጠን ያለፈ ጣፍጦ ያስጠላቸዋል። በዚህ ጊዜ ሰው ከጣፋጭ ጋር ለዘለዓለም የተለያየ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ የሐኪሙ ምላጭ ከትዝታ አይደርስም። ጣፋጭ ነገር ከመብልነቱ አልፎ የመጽናናት ምልክት ሆኖ አብሮን ያደገ ነው፤ ሕፃን ተከትቦ ሲያለቅስ ከረሜላ ይሰጠዋል፥ እንግዳ ሲመጣ በሻዩ ላይ ስኳሩ ይበዛለታል፥ ደክሞት የገባም ሰው ብርታት እንዲሆነው ለስላሳ ይከፈትለታል። በአገራችን ስኳር እንዲህ የዕለት ተዕለት ነገር ከሆነ ብዙ ዘመን አልተቈጠረም፤ የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ሕዝብ ጣፋጭ ማለት ማር ነበረ፥ ማርም የድግስና የግብር ነገር ነበረ። ዛሬም በየገጠሩ ቡናውን በጨው ወይም በቅቤ የሚጠጣ ሰው ሳለ፥ የከተማው ሰው በአንዲት ሲኒ ላይ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። ልማዱ ወጣት ነው፤ ሥሩ ግን ጠልቋል።

እንግዲህ ወራት ሲያልፉ ሰውነት አዲሱን ኑሮ ይለምደዋል፥ የመብላት ዐቅም ጥቂት በጥቂት ይመለሳል፥ አንቀላፍቶ የነበረውም ፍትወት ይነቃል። በዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ጠባቡ ጨጓራ ሥጋን፥ ዶሮንና እንጀራን በጭንቅ ይቀበላል፤ በደንብ ያልታኘከ ጕርሻ ደረት ላይ ቆሞ ያስጨንቃል። አይስ ክሬም፥ ቸኮላትና ጭማቂ ግን ቀልጠው ይወርዳሉ፥ ስፍራም አይዙም፥ ጥጋብም አይሰጡም። ስለዚህ አንድ እንቁላል መጨረስ የሚያቅተው ሰው አንድ ለስላሳ ቀስ እያለ ሊጨርስ ይችላል፤ በ330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥም ወደ 35 ግራም፥ ማለት ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ስኳር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ ለጤነኛ ዐዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ እንደሚሻል መክሯል። በዚሁ መመሪያ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ከስኳር ጋር አብረው ይቈጠራሉ፤ «ማር መድኃኒት ነው» እያሉ በማንኪያ ለሚቀምሱ ወገኖቼ ይህን ደግሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

የጤነኛ ሰው ጨጓራ መውጫ በሩ ላይ በረኛ አለው፤ ሐኪሞች «ፒሎሩስ» ብለው በግሪክኛ የሚጠሩት ይህ ጡንቻ፥ የስሙ ትርጓሜ ራሱ በረኛ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐጻዌ ኆኅት ገቢውንና ወጪውን እንደሚጠብቅ፥ እርሱም ምግቡን በጨጓራ አቈይቶ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ያሳልፈዋል። ባይፓስ የተደረገለት ሰው ምግብ ግን በዚህ በር አያልፍም። ስኳር የበዛበት ነገር ሳይዘገይ ወደ ትንሹ አንጀት ሲዘረገፍ፥ ከደም ውስጥ ውሃን ወደ አንጀቱ ይስባል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥም ልብ በኀይል ይመታል፥ ላብ ያጠምቃል፥ ሆድ ይቈርጣል፥ ራስ ይዞራል፤ ሰውየው ጋደም ካላለም መቆም ያቅተዋል። ሐኪሞች ይህን «ዳምፒንግ» ይሉታል፥ መዘርገፍ እንደ ማለት ነው። ሜሰን ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ለቍስል ሲባል ጨጓራቸው በተቈረጠ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነበረ፤ ስያሜውም እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በሐኪሞች ጽሑፍ ይገኛል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥቃይ ከጣፋጭ የሚያርቅ መልካም ሞግዚት አድርገው ያመሰግኑታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዳምፒንግ ሁሉን እኩል አይዝም፤ በስሊቭ በረኛው በስፍራው ስለሚቀር ብዙዎቹ ይህን ያህል አይሠቃዩም፤ የሚሠቃዩትም ቢሆኑ ምን ያህል ቢቀምሱ እንደማይታመሙ ቀስ በቀስ ይማራሉ። ሕመምን የሚጠብቅ ሰው መላ እስኪያገኝ ብቻ ነው የሚታገሠው።

ሁለተኛው የዳምፒንግ ዓይነት ግን ከፊተኛው ይልቅ አታላይ ነው። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ደንግጦ ከሚያስፈልገው በላይ ኢንሱሊን ያፈልቃል፤ ከምግብ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜም የደሙ ስኳር ከልኩ በታች ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ዓይን ይጨልማል፥ ሐሳብ ይበታተናል፤ ጣፋጭም አብዝቶ ያሰኛል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው ከሕክምናው ጋር አያያይዘውም፤ ድካም ወይም የደም ማነስ ነው ይላል። ዮናታን ወልደ ሳኦል በጦርነቱ ቀን በረኃብ ዝሎ ሳለ፥ በበትሩ ጫፍ ከጫካው ማር በቀመሰ ጊዜ ዓይኑ እንደ በራ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። የዚህም ሕሙም ዓይን ከረሜላውን ሲቀምስ ይበራል፤ ነገር ግን ያው ከረሜላ ኢንሱሊኑን እንደ ገና ይጠራዋል፥ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ዓይኑ መልሶ ይጨልማል። በዚህ መንኰራኵር ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውል ሰው፥ ናፍቆቱ የመጣው ከጧቱ ጣፋጭ መሆኑን ሳያውቅ ፈቃደ ልቡን ይወቅሳል።

ስኳሩ በእርግጥ የወረደበት ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን ጥቂት ጣፋጭ መውሰድ አለበት፤ ዳሩ ግን በዚያ ብቻ ሳያቆም እንቁላል ወይም አይብ ወይም ሌላ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ሊያስከትል ይገባዋል፥ ያለዚያ ተመልሶ ይወድቃል። ነገሩ የሚደጋገምበት ወይም ራሱን የሚስት ሰው መኪና ከመንዳት ተከልክሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ናፍቆቱን የሚያበርደው ታላቁ ነገር ግን የማዕድ ሥርዓት ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፥ ይህ ሳያስቡበት የሚሞላ ልክ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዓሣው፥ ዶሮው፥ እንቁላሉ፥ አይቡ ወይም ምስሩ ይበላ፤ እንጀራው ይከተል። በእኛ ማዕድ እንጀራው ወጡን ስለሚቀድም፥ ያች ትንሽ ከረጢት በእንጀራ ብቻ ትሞላና ሰውየው ሳይጠግብ ይነሣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም የሚፈልገው ብስኩት ይሆናል። ውሃውን ከምግብ ጋር አይጠጣ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቈየው፤ በሌላው ጊዜ ግን ደጋግሞ ይጠጣ። ብርቱካኑን ጨምቆ ከመጠጣት ልጦ ይብላው። ሆዱን ለረዥም ሰዓት ባዶ አይተወው። ናፍቆቱ ሲመጣበት ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሥ፥ ከቤት ወጥቶ ይመላለስ፤ የመጣበትንም ሰዓት ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣበትን ሌሊት፥ ምሳ የዘለለበትን ቀን ወይም የተከፋበትን ሰዓት ተከትሎ እንደሚመጣ ያገኘዋል። ስኳር አልባ ማጣፈጫን በተመለከተ፥ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደትን ለመቈጣጠር እንዳይመረጥ መክሯል፤ ምላስን ከጣፋጭ ልማድ ሳያላቅቅ ያቈየዋልና እኔም አልወደውም።

ጾምን ያለ ማንሣት አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈይቶ በስኳር ሻይና በዳቦ የሚገድፍ ምእመን፥ በረመዳንም ቀኑን ውሎ በተምር የሚያፈጥር ሙስሊም፥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከሆኑ ባዶ ሆዳቸውን በስኳር መምታታቸው ነው፤ አንዲት ትልቅ የመድጁል ተምር ወደ 16 ግራም ስኳር አላት። ሃይማኖት ለሕሙማን የሚራራበት ሥርዓት ስላለው፥ አንዱ የንስሐ አባቱን፥ ሌላው የሃይማኖቱን ሊቅ ከሐኪሙ ጋር አንድ ላይ ያማክር። ለሚጾምም ሰው ሽሮና ምስር የታመኑ ረዳቶች ናቸው።

ስለ ጠጅም አንድ ነገር ልበል። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ፈጥኖ ነው፤ ከሁለተኛውም ዓመት ጀምሮ በመጠጥ የሚያዙ ሕሙማን ቍጥር እንደሚጨምር ተመርምሮ ታውቋል። ጣፋጭን የተወ ሰው መጽናናቱን በብርሌ እንዳይፈልግ ቤተ ሰቡ በፍቅር ዓይን ይጠብቀው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የሰው ቤት ነው። በአሜሪካና በአውሮጳ ይህን ሕክምና አድርገው ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚገቡ ወገኖች፥ በሚሄዱበት ቤት ሁሉ ጨጨብሳ በማር፥ ሻይ በስኳርና ለስላሳ ይቀርብላቸዋል። እምቢ ያለ እንደ ኰራ ይቈጠራል፥ የቀመሰ ይታመማል፤ ምክንያቱን የተናገረም «ታዲያ ምግብ ቀንሰህ መክሳት አቃተህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጕርሻና «በሞቴ» የፍቅራችን ጌጥ መሆናቸውን አውቃለሁ፥ እንዲጠፉም አልመኝም። ነገር ግን የቤቱ እመቤት ሆይ፥ ከእንግዶችዎ አንዱ ጣፋጩን በትሕትና ሲመልሰው ምክንያቱን በሰው ፊት አይጠይቁት፥ በሞትዎም አያስምሉት፤ ሻዩን ያለ ስኳር ያቅርቡለት፥ ከዶሮው ወጥም እንቁላሉን አስቀድመው ያውጡለት።