ልጁ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረ?

ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ከምናስተምራቸው መካከል አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ደብተራቸውን አጥፈው፣ «ልጆቼ፣ እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠርሁ። ልጄ ግን ጆሮው አይሰማምና ትምህርት ቤቱ መለሰብኝ። እሱስ መቼ ይማር?» አሉን። እኛም ለጊዜው መልስ አጣን።

በኋላ ተመካክረን የምናውቀውን ነገርናቸው። ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ፣ ብዙ እናቶችና አባቶች ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ተሟግተውም ሕግ አስወጥተዋል። ለእናንተም የምንጽፍላችሁ ይህንን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል።

በሩ የተዘጋባቸው ልጆች

አሜሪካ ሀብታም አገር ናት። ትምህርት ቤቷም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ እግሩ የማይሄድለት፣ ወይም አእምሮው ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ ለብዙ ዘመን ከደጅ ይመለስ ነበር። ፔንስልቬንያ በሚባለው ግዛትማ ሕጉ ራሱ በሩን ይዘጋ ነበር። አእምሮው የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ያልበሰለውን ልጅ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም ማለት ይችል ነበር።

የአገሪቱ ምክር ቤት በ1968 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የሚገባቸውን ትምህርት አያገኙም ነበር። 1 ሚሊዮኑ ደግሞ ጭራሽ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ።

ገንዘብ ያለው ወላጅ በግሉ ያስተምራል። የሌለው ልጁን ቤት ያስቀምጣል፤ ወይም ራቅ ወዳለ መጠለያ ይሰጠዋል። ከሰው ዓይን የሚደብቅም ነበር።

ሙግቱ

መንገዱን ቀድመው የጠረጉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ያን ጊዜ በብዙ ቦታ ጥቁርና ነጭ ልጆች የሚማሩት ለየብቻ ነበር። ጥቁሮቹ ወላጆች ከሰሱ። በ1946 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው፤ መንግሥት ትምህርት ከሰጠ ለሁሉም በእኩል ይስጥ ብሎ ፈረደ። የአካል ጉዳተኞች ወላጆችም ይህን ሰምተው፣ «ታዲያ የእኛስ ልጆች?» አሉ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

በ1963 ዓ.ም. በፔንስልቬንያ የወላጆች ማኅበር ግዛቱን ከሰሰ። ዐዋቂዎች ቀርበው መሰከሩ። የምስክርነታቸው ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ መማር የማይችል ልጅ የለም። አንዱ ማንበብ ይማራል። ሌላው ልብሱን መልበስና ራሱን መመገብ ይማራል። እሱም ትምህርት ነው። ግዛቱ ይህን ከሰማ በኋላ ክርክሩን ተወ። በ1964 ዓ.ም. ከ6 እስከ 21 ዓመት ያሉትን እነዚህን ልጆች ሁሉ ሊያስተምር ተስማማ።

በዚሁ ጊዜ በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን በሰባት ልጆች ስም ክስ ቀረበ። የትምህርት ሹማምንቱ፣ «ገንዘብ የለንም» ብለው መለሱ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ ግን ይህን አልተቀበሉም። ገንዘቡ ካነሰ፣ ያለው ለሁሉም ይዳረስ፤ ጉድለቱ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ብቻ አይውደቅ ሲሉ በ1964 ዓ.ም. ፈረዱ።

ይህ ፍርድ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። እህል ባጠረ ዓመት አባት ለአንዱ ልጁ እንጀራ ሰጥቶ ሌላውን ጦሙን ያሳድራል ወይ? አያሳድርም። ያለችውን ቆርሶ ያካፍላል። ዳኛውም ያሉት ይህንኑ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሌሎች ወላጆችም በየቦታው ከሰሱ። በመጨረሻ ኅዳር 19 ቀን 1968 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ሕግ ፈረሙ። የሕጉ ዋና ዋና ነጥቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፦ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሁሉ የሚስማማውን ትምህርት ያለ ክፍያ ያገኛል።

ሁለተኛ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚማርና ምን እርዳታ እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ዕቅድ ይወጣለታል። ዕቅዱ ሲወጣ ወላጅ አብሮ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፦ በተቻለ መጠን ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ ይማራል።

አራተኛ፦ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ውሳኔ ቅር ካለው አቤት ማለት ይችላል፤ ፍርድ ቤት ድረስም ይሄዳል።

ሕግ ተጽፎ ብቻ አይሠራም

ከዚህ በፊት በ1966 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ፣ ትምህርት ቤትም ጭምር፣ ሰውን በጉዳቱ ምክንያት እንዳያገል ያዛል። ነገር ግን ማስፈጸሚያው ደንብ ሳይፈረም ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ሕጉ እንደ ተሰቀለ ቀንበር ሆነ። ካልጠመዱት ምን ያርሳል?

መጋቢት 27 ቀን 1969 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ በሚባል ከተማ አካል ጉዳተኞች አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ደንቡ ካልተፈረመ አንወጣም አሉ። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲት ሂውማን ነበረች። የልጅነት ልምሻ ይዟት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትሄደው። በአምስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ «እሳት ቢነሳ ወንበሩ አደጋ ነው» ተብላ ተመልሳ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ተቆረጠባቸው። ያን ጊዜ መስማት የተሳናቸው ጓደኞቻቸው በመስኮት ቆመው በእጅ ምልክት ውጭ ካሉት ጋር ተነጋገሩ። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣ የመልእክት በር የከፈቱት እነሱ ናቸው። ሚያዝያ 20 ቀን ደንቡ ተፈረመ።

ዛሬም ሁሉ ነገር አልተሟላም። ማዕከላዊው መንግሥት ለእነዚህ ልጆች ከሚወጣው ተጨማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ አንድም ዓመት ሞልቶ አልሰጠም። ቢሆንም «ልጅህን አንቀበልም» ማለት በሕግ ቀርቷል።

እኛስ?

አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ያወጡትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። ስምምነቱ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዳይከለከል ይላል። የምልክት ቋንቋ መማርንም ይጨምራል። እንግዲህ የእኚያ እናት ጥያቄ የልመና ጥያቄ አይደለም፤ የመብት ጥያቄ ነው።

አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላችሁ፣ ልጁን ጓዳ አትደብቁት። ትምህርት ቤት ውሰዱት። ቢመልሱት ምክንያቱን ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ይመለሳል፤ ጎረቤት ሰብስባችሁ ሂዱ። አቤቱታችሁንም በጽሑፍ አድርጉት፤ ዛሬ እኮ መጻፍ ታውቃላችሁ።

እኚያ እናት ማመልከቻቸውን ሲጽፉ አብረን ተቀምጠን ነበር። እንጻፍልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። አራት መስመር ለመጻፍ ሙሉ ማታ ፈጀባቸው። ከታች ስማቸውን ጻፉ። ጣታቸውን ግን ቀለም አላስነኩም።

ጥያቄዎች

1. የዋሽንግተኑ ዳኛ «ገንዘብ የለንም» ለሚለው ቃል ምን መለሱ?
2. የ1966ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ለምን ቆየ?
3. በቀበሌያችሁ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ? ተወያዩበት።