የጋይንት ማዳበሪያና የሻርክ ቆዳ

ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ አገር ነው፤ ባህር ከየት ይመጣል? ግን የአካባቢው ገበሬ ማሳው ላይ የሚጨምረው ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ነው የሚገባው። የመርከቡ ነዳጅ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ዋጋው ውስጥ አለ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። የመርከብ ሆድ ላይ አልጌና ቅርፊታም የባህር እንስሳት ይለጠፋሉ። ሆዱ ሲሻክር መርከቡ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ብዙ ነዳጅ ይጠጣል። ድሮ ቲቢቲ የሚባል መርዝ ያለው ቀለም ይቀቡት ነበር፤ የባህሩን ፍጥረት ስለጎዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከለከለ።

የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ ብሬናን መላውን ያየው ሻርክ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ላይ ቅርፊታሞቹ ሲለጠፉ ሻርክ ንጹህ ነው፤ ቆዳው በጥቃቅን ሸንተረር የተሞላ ነው። እሱም 2 ማይክሮን ስፋት ያላቸው ሸንተረሮች ሠራ (የፀጉራችን ውፍረት ወደ 30 እጥፍ ይሆናል)። በላብራቶሪ ሲሞከር የሚለጠፈው የአልጌ ዘር 85 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መርዝ የለም፣ ቅርጽ ብቻ!

ታዲያ ለምን መርከቡን ሁሉ አናለብሰውም? ሸንተረሩ በተለጣፊው ልክ መሠራት አለበት፤ ለአልጌ የሆነው ለቅርፊታሙ አይበቃም። ግዙፍ መርከብን በማይክሮን ልክ መቅረጽም ቀልድ አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ሐሳቡ ወደ ሕክምና ዕቃዎች ያዘነበለው፤ ባክቴሪያም ሸንተረሩን አይወደውም።

አብዛኞቹ መርከቦች ግን ዛሬም መዳብ ያለበት ቀለም ነው የሚቀቡት፤ ሲቆሽሹ ጠላቂ ገብቶ ይፍቃቸዋል።