የአላባማ ሕዝብ ለአሠልጣኙ ለፖል ብራያንት ያደረገው ለቅሶና መታሰቢያ

ሰው ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለገዥው ሲያለቅስ ምክንያቱን መመርመር አያስፈልግም። ነገር ግን የሥጋ ዝምድና የሌለው፣ የመንግሥት ሥልጣን ያልያዘ፣ አብዛኛው ሕዝብም በሩቅ እንጂ በቅርብ ያላየው አንድ የኳስ አሠልጣኝ ሲሞት፣ በመቶ ሺሕ የሚገመት ሰው ሥራውን ትቶ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያዝን፣ ነገሩ ለኅብረተሰብ ጥናት ተማሪ ጥያቄ ይሆናል። ይህ የሆነው በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1983 ነው። ሟቹም የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ አሠልጣኝ የነበረው ፖል ብራያንት ነው። ከዚህ ቀጥለን ማን እንደ ነበረ፣ ሕዝቡ ለምን እንዲህ እንዳዘነለትና መታሰቢያውን በምን እንደሚያቆይ፣ በመጨረሻም ከመታሰቢያው ውስጥ ምን እንደ ጎደለ በአጭሩ እናስረዳለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ይገባል። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን፣ ከየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይዘው በመሮጥ ወይም በመወርወር ከተቃራኒው ወሰን ለማድረስ ይታገላሉ። በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለው ውድድር በተለይ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባሉት ቅዳሜዎች ይደረጋል። በአላባማ ኤን ኤፍ ኤል ወደሚባለው ወደ ታላቁ የሙያተኞች ማኅበር የገባ ቡድን ኖሮ ስለማያውቅ፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን የተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የግዛቱ ሁሉ ቡድን ሆኖ ይቈጠራል። ዩኒቨርሲቲውን በዓይኑ ያላየ ገበሬና የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሳይቀር «ቡድናችን» ይለዋል።

የዚህም ሥር ከታሪክ የመጣ ነው። የደቡብ ግዛቶች ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ በድኽነትና በመናቅ ስሜት ብዙ ዘመን ኖረዋል። የአላባማ ቡድን ጃንዋሪ 1 ቀን 1926 ወደ ካሊፎርንያ ሄዶ የዋሽንግተንን ዩኒቨርሲቲ 20 ለ19 ባሸነፈ ጊዜ፣ ድሉ የአንድ ትምህርት ቤት ድል ብቻ ሳይሆን የደቡብ ሁሉ ክብር ሆኖ ተቈጠረ። ከዚያ ወዲህ ኳሱ የጠፋ ክብር የሚመለስበት ሜዳ ሆነ ማለት ይቻላል።

ፖል ብራያንት በ1913 በአርካንሳስ ግዛት ሞሮ ቦተም በሚባል የገጠር ስፍራ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ፤ ከአሥራ ሁለት ልጆችም አሥራ አንደኛው ነበር። በልጅነቱ ፎርዳይስ በሚባል ከተማ ለትርኢት ከመጣ ድብ ጋራ ስለ ታገለ «ድብ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ድረስ በዚሁ ተጠራ። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮና ተጫውቶ ከወጣ በኋላ በሜሪላንድ፣ በኬንታኪና በቴክሳስ አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። በ1958 ወደ አላባማ ሲመለስ ምክንያቱን ቢጠይቁት እናቴ ጠራችኝ ብሎ እንደ መለሰ በሰፊው ይነገራል፤ እናት ያላት የተማረባትን ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ ቡድኑ በሦስት ዓመት ውስጥ ያሸነፈው አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። ብራያንት ግን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮናነት አስገኘለት። በሕይወቱ በጠቅላላው 323 ጨዋታ አሸንፏል፤ ይህም በዚያን ጊዜ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ማንም አሠልጣኝ ያልደረሰበት ቍጥር ነበር።

ጡረታ መውጣቱን ያስታወቀው በዲሴምበር 1982 ነው። ማሠልጠን ብተው በሳምንት ውስጥ እሞታለሁ እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል። ዲሴምበር 29 ቀን በሜምፊስ ከተማ የመጨረሻ ጨዋታውን ኢሊኖይን 21 ለ15 በመርታት ፈጸመ፤ ከዚያም በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1983፣ በ69 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ቀልዱ ወደ እውነት መቅረቡ የሕዝቡን ድንጋጤ አበዛው።

የቀብሩ ሥርዓት በተስካሉሳ ከተማ በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ ቤቱም ሰዉን ሁሉ ስለማይዝ የቀሩት በአቅራቢያው ባሉት በሌሎች ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ሆነው ጸሎቱን በድምፅ ማጉያ ሰሙ። የሬሳውን ሣጥን የተሸከሙት ከመጨረሻው ቡድኑ የተመረጡ ስምንት ተጫዋቾች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመኪናው ሰልፍ በስታዲየሙ አጠገብ አልፎ፣ እስከ በርሚንግሃም ድረስ ወደ ዘጠና ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ተጓዘ። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ፣ ከበላዩም ባሉት ድልድዮች ላይ ሕዝብ ቆሞ ነበር፤ የጭነት መኪና ነጂዎችም መኪናቸውን አቁመው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በኤልምዉድ መካነ መቃብር የተቀመጠለት ድንጋይ ግን ስሙና ዘመኑ የተጻፈበት ተራ ድንጋይ ነው።

አሁን ሕዝቡ መታሰቢያውን በምን እንደሚያቆይ እንመልከት። የመጀመሪያው ባርኔጣው ነው። ብራያንት በጨዋታ ቀን ጥቁርና ነጭ ጥለት የተጠላለፈበት ባርኔጣ ያደርግ ነበር፤ ጣራ ባለው ስታዲየም ውስጥ ሲሆን ግን ቤት ውስጥ ባርኔጣ አይደረግም ብላ እናቱ ስላስተማረችው ያወልቀው ነበር። ዛሬ ያ ጥለት በደጋፊዎች ልብስና ጌጥ ላይ ሁሉ ይታያል። ሁለተኛው ስሙ ነው። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን፣ ሴቶቹን ሳይቀር፣ ብራያንት ብለዋል፤ በ1988 የተከፈተው በስሙ የሚጠራው ቤተ መዘክርም እነዚህን ሞክሼዎች በአንድነት ሰብስቦ ያስተናግዳል። ከዚህም በቀር በ1997 ምስሉ ያለበት የፖስታ ቴምብር ወጥቷል፤ በስታዲየሙ ፊትም ሐውልት ቆሞለታል።

እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ ጋራ ጥቂት ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በቀድሞው ዘመን የጦር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ፣ ልብሱም ወጥቶ በለቀስተኛው ፊት ይታይ ነበር። ዕቃው ባለቤቱን ተክቶ ይቆም ነበር ማለት ነው፤ በአላባማም ባርኔጣው ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ በጊዜው አቆጣጠር ነው። በእኛ ዘንድ ሣልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ የሚቈጠረው ሰውየው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። በአላባማ ግን መታሰቢያውን የሚቀሰቅሰው የጨዋታው ወራት ነው፤ ሕዝቡ በየቅዳሜው በተሰበሰበ ቍጥር ሟቹ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ለቅሶው በተወሰነ ቀን አያልቅም።

እስካሁን የተናገርነው ደጋፊዎቹ የሚሉትን ነው። በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ጉድለት የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እኛም ይህንኑ ብለን መቀጠል ግዴታ ሆኖብናል። ብራያንት በ1954 በቴክሳስ ሳለ ተጫዋቾቹን ጀንክሽን ወደሚባል በድርቅ ወደ ተመታ ስፍራ ወስዶ፣ በብርቱ ሙቀት ውሃ ከልክሎ አሠለጠናቸው። ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ፤ አንዱም ለሞት ተቃርቦ ነበር። የቀሩት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተሰብስበው ቀለበት ሰጡት፤ ያንኑ ቀለበት አድርጎ እንደ ተቀበረ ይነገራል። ደጋፊዎች ይህን የጽናት ታሪክ አድርገው ያወሩታል፤ ነገር ግን ጥለው የሄዱት ልጆች ታሪክ በዚያ ውስጥ አይሰማም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። በ1961፣ በ1964ና በ1965 ሻምፒዮን የሆኑት የብራያንት ቡድኖች ነጮች ብቻ የነበሩባቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1963፣ አገረ ገዥው ጆርጅ ዋላስ በር ላይ ቆሞ ቢከለክልም፣ ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን ተቀብሏል፤ የኳሱ ቡድን ግን ገና ብዙ ዓመት ዘገየ። የተለመደው ታሪክ እንደሚለው፣ በሴፕቴምበር 1970 ጥቁሩ ሳም ከኒንግሃም የሚጫወትበት የደቡብ ካሊፎርንያ ቡድን በርሚንግሃም መጥቶ አላባማን 42 ለ21 ስላሸነፈ፣ የሕዝቡ ልብ በአንድ ሌሊት ተለወጠ። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። በ1969 የዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ጥቁሮች ወደ ቡድኑ አይመለመሉም ሲል ዩኒቨርሲቲውንና ብራያንትን በፍርድ ቤት ከሶ ነበር። ዊልበር ጃክሰን የተባለው ጥቁር ተጫዋችም ያ ጨዋታ ከመደረጉ በፊት ተመልምሎ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ሆነ ብቻ ከተመልካች ጋራ ተቀምጦ ነበር። በ1971 ጆን ሚቸል የመጀመሪያው ጥቁር ተሰላፊ ሆነ፤ በ1973ም ብራያንት ራሱ ረዳት አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው።

ደጋፊዎች ብራያንት ቀድሞም ፈልጎ ነበር፤ የጊዜው ፖለቲካ ከለከለው ይላሉ። ይህ ከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ግዛት ከእርሱ የበለጠ የሚሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ትልቁም ጉድለት እርሱን ከመውቀስ ወይም ካለመውቀስ ላይ አይደለም። የአንድ ሌሊቱ ጨዋታ ታሪክ በተደገመ ቍጥር የሚረሱት ፍርድ ቤት የቆሙት ተማሪዎች ናቸው። ለውጡ በድንገት ከሜዳ የመጣ ይመስላል እንጂ ሰዎች የደከሙበት አይመስልም። የሟች ፍቅር ሲበዛ የሌላውን ሰው ድካም ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። የአላባማ ሕዝብ ያለቀሰው ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በእርሱ አማካይነት ላገኘው ክብርም ነው፤ ለቅሶውም እውነተኛ ነበር። ሆኖም ለቅሶ የሚፈልገው የሟቹን በጎ ሥራ ሲሆን፣ ታሪክ የሚፈልገው ግን ሁሉንም ነው፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ ሊወስድ አይገባም። በዚያ በጃንዋሪ ቀን ሣጥኑን ከተሸከሙት ከስምንቱ ተጫዋቾች መካከል ነጮችም ጥቁሮችም ነበሩ። ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን ጥቁሮቹ ከቡድኑ ውስጥ አይገኙም ነበር። ይህንን የተመለከተ ሰው ለውጡ ምን ያህል እንደ ሆነ ያያል፤ ማን እንዳመጣውም መጠየቅ ይገባዋል።