እምነት በአዋጅ ይጸናልን?

ጎንደርን የጎበኙ ባልና ሚስት በፋሲል ግንብ ፊት ፎቶግራፍ ሳይነሡ አይመለሱም። ከተማይቱ መናገሻ ከመሆኗ በፊት ስለ ሃይማኖት የፈሰሰውን ደም ግን ስንቶቻችን እናስባለን?

አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። ካህኑም ገበሬውም እምቢ አለ። ዓመፅ ተነሣ፤ ወገን በወገኑ ላይ ዘመተ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጥተው በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጓት።

«ይህች አገር የቆመችው በሃይማኖት ነው» የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እርግጥ ነው፣ የጎንደርን ታሪክ ያለ ክርስትና መተረክ አይቻልም። ይሁን እንጂ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉም የዚያው ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለመንግሥት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበረው፤ የ1987ቱ አንቀጽ 11 ሁለቱን ለየ፤ አንቀጽ 27 የማመንን ነፃነት አጸና። እኛም በዚሁ ጥላ ሥር እናመልካለን። ታዲያ ነገ ቁጥራችን ቢበዛ የሱስንዮስን መንገድ እንመኝ ይሆን?

ውድ አንባቢ፣ ቤትህም ትንሽ መንግሥት ነው። ሚስትህን በቁጣ ወደ ጸሎት ትጠራታለህን? የሚጠይቅ ልጅህን «ዝም ብለህ እመን» ትለዋለህን? ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነት መልስ እንድንሰጥ ይመክረናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ጌታችን በር ያንኳኳል እንጂ አይሰብርም።